ወንዝ የተሻገረ ቅጠል

ጠርጥር፣ ከገንፎ መሐል ይኖራል ስንጥር ይላሉ። እኔ ይህን ተረት የተማርኩት ከእናቴ ሳይሆን ከሥራዬ ነው። አምቦ ውስጥ ድሬሰር ሆኜ አሥራ ስምንት ዓመት ቁስል አጥቤያለሁ፣ መርፌ ወግቻለሁ፤ በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ እውነቱን በመጀመሪያው ጥያቄ የነገረኝ በሽተኛ አላስታውስም። «ክኒኑን ውጠሃል?» ስለው «እንዴታ!» ይላል፤ ክኒኑ ግን ኪሱ ውስጥ ነው። «ከቤትሽ የወሰድሽው ሌላ ነገር አለ?» ስላት «ኧረ ምንም» ትለኛለች፤ ትንፋሿ ግን ፌጦ ፌጦ ይላል። ሰው ለሐኪም ቤት ሠራተኛ የሚዋሸውን ያህል ለማንም አይዋሽም።

ስለዚህ ባሌ ዱጋሳ በ1978 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ጠዋት ጠዋት «ንፋስ ልቀበል» እያለ መውጣት ሲጀምር አላመንኩትም። ዱጋሳ ንፋስ የሚቀበልበት እግር አልነበረውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዱጋሳ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲጋራ ያጨሰ፣ በሐምሳ ሁለት ዓመቱ የተወ። በተወ በሁለተኛው ዓመት የግራ እግሩ አስቸገረው። ሁለት መቶ እርምጃ ሳይሄድ ባቱ እንደ ታጠበ ጨርቅ ይጠመዘዝበታል። ቆም ብሎ ትንሽ ሲያርፍ ይለቀዋል፤ መንገዱን ሲቀጥል እንደገና ይይዘዋል። አዲስ አበባ ወሰድኩት። ሐኪሙ እግሩን ከላይ እስከ ታች ዳብሶ፣ ዱጋሳ መጋረጃ ጀርባ ሱሪውን ሲለብስ፣ ለብቻዬ አነጋገረኝ። የደም ሥሮቹ ደድረዋል፣ ጠበዋልም አለኝ። ደሙ እግሩ ጋ በደንብ አይደርስም። ቁስል ከወጣበት ቁስሉ አይሽርም፤ ያን ጊዜ እግሩ እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል።

ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ሌላም ብዙ ነገር ተናግሯል። እኔ ግን «መቆረጥ» ከሚለው ቃል ወዲያ ያለውን አልሰማሁም። አንገቴን እየነቀነቅሁ እሺ፣ እሺ ብዬ ክኒኑን ተቀብዬ ወጣሁ።

ዱጋሳ ኩሩ ሰው ነው። አንካሳ መባልን ፈራ። ስለዚህ ባቱ ሲይዘው ዘዴ ፈጠረ፤ ሰላምታ። አጠገቡ ያገኘውን ሰው ሁሉ አቁሞ ልጆቹን፣ ከብቶቹን፣ ዝናቡን፣ የአጎቱን የልጅ ልጅ ሳይቀር ይጠይቃል። እግሩ እስኪለቀው ድረስ ጥያቄው አያልቅም። ሰው ካጣ ደግሞ ቀበሌ የለጠፈውን ማስታወቂያ ሦስት ጊዜ ያነባል። የከተማው ሰው «ኦቦ ዱጋሳ እንዴት ያለ ሰው አክባሪ ነው!» ይል ነበር። ምስጢሩን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ወይም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ኡርጌ አኩርፋ መጣች።

«አዴ ቦጋለች፣ ኦቦ ዱጋሳን ምን አስቀየምናቸው?»

«ምን ሆነሽ?»

«ድሮ የላሜን ጤና ሳይቀር ይጠይቁኝ ነበር። አሁን ‹አከም ቡልቴ› ብለው መልሴን ሳይሰሙ እልፍ! ሹመት አገኙ እንዴ?»

ሳቅኩ። ኡርጌ ከሄደች በኋላ ግን ሳቁ አፌ ላይ ደረቀ። ዱጋሳ ሰው ሳያቆም እልፍ ካለ፣ እግሩ አይዘውም ማለት ነው። እግሩ ካልያዘው፣ ለምን አልነገረኝም? ደግሞስ በየጠዋቱ ወዴት ነው የሚያልፈው?

በማግስቱ ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ተከናንቤ ተከተልኩት። ከቤታችን እስከ ሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ማዶ ሃያ ሁለት የመብራት ምሰሶ አለ። በፊት በየሁለት ምሰሶው ነበር የሚቆመው። ያን ዕለት አምስተኛውን አለፈ፣ አሥረኛውን አለፈ። እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ይበልጥ ጠረጠርኩት። ድልድዩን ተሻገረ። ሃያ ሁለተኛው ምሰሶ አጠገብ ወደ ግራ ታጠፈና በአንድ ቤት በር የተንጠለጠለውን መጋረጃ ገለጥ አድርጎ ገባ።

ቤቱን አውቀዋለሁ። የሸምሲያ ቤት ነው። ሸምሲያ ከስልጤ ከባሏ ከረዲ ጋር መጥታ ሱቅ የከፈተች፣ ረዲ ከሞተ ወዲህ በርበሬና ቅመም የምትቸረችር መበለት ናት። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ስትስቅ ጥርሷ ያምራል። በሕመምተኛ ባል መቅናት ያሳፍራል፤ ግን ቀናሁ። ምን እንደምናገር ሳላስብ መጋረጃውን ገልጬ ዘው አልኩ።

ዱጋሳ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ኩባያ ይዟል። ኩባያው ውስጥ አረንጓዴ ቡናማ ነገር ይጨሳል። ሲያየኝ «ቦጌ?» ብሎ ቀረ። ሸምሲያ ግን አልደነገጠችም፤ ይህም አስጠረጠረኝ።

«እትዬ ቦጋለች! ግቢ፣ ግቢ። እንኳን መጣሽ።»

«ምንድን ነው የምታጠጪው?»

«የእናቴን መድኃኒት ነው። የደደረ የደም ሥር የሚያለሰልስ።»

«ስለ እግሩ ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ከቀበሌ ስብሰባ ስንወጣ ከኋላቸው ነበርኩ። እስከ ድልድዩ አምስት ጊዜ ቆሙ። ሰው ሁሉ ጋሼ ዱጋሳ ሰላምታ ያውቃሉ ይላል። ወላሂ፣ አባቴም እንዲሁ ነበር ሰው የሚያቆመው። ሰላምታ አይደለም፣ እግር ነው አልኩ።»

አሥራ ስምንት ዓመት የሠራሁበት ሙያ ያስቆጨኝ ያኔ ነው። እኔ የማውቀውን፣ በርበሬ ቸርቻሪዋ ከኋላ አይታ አወቀችው።

«መድኃኒት ከሆነ ለምን ቤቱ አይጠጣውም? ለምን በጠርሙስ አትሰጪውም?»

«እትዬ!» አለች፤ ጸያፍ ቃል የተናገርኩ ይመስል። «መድኃኒት ወንዝ ከተሻገረ ይረክሳል። እናቴ እንደዚያ ነው ያወረሰችኝ። በየቀኑ ይመጣሉ፣ እዚህ ይጠጣሉ፣ ትንሽ አርፈው ይመለሳሉ። አንድ ቀን ከቀሩ እንደ አዲስ ነው የሚጀመረው።»

«ፔኒሲሊን ባሕር ተሻግሮ ነው የሚመጣው» አልኳት። «እስካሁን አልረከሰም።»

«የሐኪሙ የሐኪሙ ነው፤ የእናቴ ግን አይሻገርም» ብላ ኩባያውን ከዱጋሳ ተቀበለች።

ቤት ስንደርስ ዱጋሳን ለምን እንደደበቀኝ ጠየቅሁት። «ብነግርሽ ትከለክይኛለሽ» አለኝ። ውሸት አልነበረም። ጫማውን አስወልቄ የግራ እግሩን ያዝኩ። ባለፈው ክረምት ያ እግር ከወንዝ እንደወጣ ድንጋይ ይቀዘቅዝ ነበር። አሁን ለብ ብሏል። ሁለት ጣቴን ከእግሩ ጀርባ ላይ አሳርፌ ትንፋሼን ያዝኩ። አለ። ክር የሚያህል ትርታ፣ አንዳንዴ የሚጠፋ፣ ግን አለ። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም ነበር። ወዲያው ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፤ ይህች ሴት ምን ደባልቃበት ይሆን? ከየትኛው ሐኪም ቤት በስርቆት የወጣ ክኒን ፈጭታ ይሆን?

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሁለት ወር ቆየሁ። ዱጋሳ ይሄዳል፣ ይመለሳል። አንዴ እንኳ ሳይቆም ሃያ ሁለቱንም ምሰሶ የሚጨርስበት ቀን በዛ። በዚህ መሐል ግን ሥራ ቦታዬ ካርድ የሚያወጡ ሴቶች እኔ ስመጣ ዝም ማለት ጀመሩ። ኋላ አንዷ ነገረችኝ፤ «የድሬሰሯ ባል ቁርሱን መበለቷ ቤት ነው አሉ የሚበላው» ይባላል። ስቄ አለፍኩ። ቤቴ ገብቼ ግን የጎመን ድስት ወለል ላይ ወርውሬ አንዱን እጀታውን ሰበርኩት።

በጥር ወር ከአዲስ አበባ አመዩ የሚባል ወጣት መጣ። አንድ የጥናት ክፍል ልኮት የባህል መድኃኒት ይመዘግባል። ሁለት ጣውላ በቀበቶ አጣብቆ ተሸክሟል፤ በጣውላዎቹ መሐል ንብርብር ጋዜጣ፣ በየጋዜጣው መሐል ደግሞ የደረቀ ቅጠልና አበባ አለ። እሱንም ጠረጠርኩት። የድሀ እናት ለልጇ ያወረሰችውን ነገር በጋዜጣ ጠቅልሎ ወስዶ ነገ የማን ሊያደርገው ነው አልኩ። ይሁን እንጂ በርበሬ ልገዛ ብዬ ገብቼ፣ ሸምሲያ ቤት ወለል ላይ ከተዘረጋው ቅጠል አንዱን በመሐረቤ ቋጥሬ ማምጣቴ አልቀረም። ሌባ ነው ብዬ የጠረጠርኩትን ሰው፣ የሰረቅሁትን ቅጠል ሰጠሁት።

አሸተተው፣ በማጉያ መነጽር አየው፣ ከጋዜጦቹ አንዱን ገልጦ አስተያየው። ስሙንም ነገረኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ ነገ ማን ቀቅሎ እንደሚጠጣው አላውቅም።

«እትዬ ቦጋለች፣ ይህ እንጭኒ አካባቢ ደጋው ላይ ሞልቷል» አለኝ። «አንድ ቅጠል ውስጥ ብዙ ዓይነት ንጥረ ነገር አለ። አንዱ ከደም ውስጥ ቅባት የሚቀንስ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ የደም ሥሩን ግድግዳ የሚያለዝብ ሊሆን ይችላል። ነጭ ሽንኩርትም፣ ተልባም ለዚሁ ነገር የሚጠኑ ናቸው። ግን ሁሉም ‹ሊሆን ይችላል› ነው። ብልቃጥ ውስጥ የሠራ ሁሉ ሰው ውስጥ አይሠራም። ተጠንቶ ውጤቱ ሳይታወቅ ማንም እንዳይጠጣው።»

«ታዲያ ባሌ እንዴት ተሻለው?»

«እሱን ለማወቅ ነው ከቅጠሉ በፊት ሰውየውን የምጠይቀው» አለና ቅጽ አወጣ። ዕድሜ። ሲጋራ። ምን ያህል ይጠጣል፣ ስንት ጊዜ። ሁሉንም መለስኩ። ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ እንዲህ ብሎ አነበበ፤ «መድኃኒቱን ከጀመሩ ወዲህ አብሮ የተለወጠ ሌላ ነገር አለ? ምግብ፣ ሥራ፣ እንቅስቃሴ?»

ፊቴ ጋለ። ምን ልበለው? ባሌ በየማለዳው ከቤቴ ወጥቶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ መበለት ቤት ገብቶ ይጠጣል ልበለው? ይህ ወጣት ይጽፈዋል። አዲስ አበባ በታይፕ ይመታል። አምቦ ላይ በሹክሹክታ የሚወራው እዚያ በካርቦን ሦስት ኮፒ ይወጣለታል።

«የለም» አልኩ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ባሌን አላውቀውም እንዴ?»

«የለም» ብሎ ጻፈ።

አመዩ ቅጠሉን ይዞ ሲመለስ እኔ ያገኘሁት ነገር ስሙና ቦታው ነበር። ቱፋ የሚባል የእንጭኒ ገበሬ እግሩን መጥረቢያ መትቶት ሳክመው ከርሜ ነበር፤ በገበያ ቀን አንድ እስር እንዲያመጣልኝ ላክሁበት። ባለውለታ ነኝ ብሎ ሁለት እስር አመጣ። ቅጠሉን አጥቤ ጥላ ላይ አደረቅሁት፣ በመድኃኒት ሚዛን መዘንኩት፣ ውኃውን ለካሁት፣ ሰዓት ይዤ አፈላሁት። የሸምሲያ አለካክ በጭብጥ ነበር። የእኔ ሳይንስ ነው አልኩ። ቅጠሉም ያው ራሱ እንደሆነ ቀምሼ አረጋገጥኩ፤ መራራነቱ እንኳ አንድ ነው።

ኩባያውን ዱጋሳ ፊት አስቀመጥኩ። «ከዛሬ ጀምሮ እዚሁ ነው የምትጠጣው» አልኩት።

«ሸምሲያስ?»

«ሸምሲያ ምን?»

ኩባያውን አየ፣ እኔን አየ። «ቶሌ» አለ። ቶሌ ማለት እሺ ማለት ነው፤ ዱጋሳ ሲለው ግን ልጣላሽ አልፈልግም ማለቱ ነው። ሃያ አራት ዓመት አብሬው ስኖር ይህን አውቃለሁ፤ አውቄም እሺታውን እንደ እሺታ ተቀበልኩት።

ነገሩን ከሥሩ ልንቀለው ብዬ ደግሞ ጋሪ አስለመድኩት። ትምህርት ቤቱ ቅርብ ቢሆንም ጠዋት ባለጋሪው ከበራችን ያነሳዋል፣ ቀትር ላይ ይመልሰዋል። የቀረውን ጊዜ ደጃፋችን ላይ ተቀምጦ የተማሪ ደብተር ያርማል። እግሩን አልፎ አልፎ እጠይቀዋለሁ። «አመመህ?» ስለው «ምንም አላመመኝም» ይለኛል። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ወር አለፈ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ባቱ አልያዘውም። ስንቱን የምጠረጥር ሴት፣ የተቀመጠ ሰው ባት ለምን ይያዛል ብዬ ራሴን አልጠየቅሁም። የራሴን ማንኪያ አልጠረጠርኩም።

በሚያዝያ ገበያ ውስጥ ሸምሲያን በርበሬ ስትሰፍር አገኘኋት። ዝም ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ ምላሴ አላስችል አለኝ።

«ሸምሲያ፣ ያ ወንዝሽ ምነው መድኃኒቴን ሳያረክሰው ቀረ? ባሌ እኮ አንድ ቀን እንኳ አላመመውም።»

በርበሬ ከተቀባው መዳፏ ቀና ብላ አየችኝ። «አልሐምዱሊላህ። እየሄዱ ነው ታዲያ?»

«ምን ይሄዳል! በጋሪ እየተንደላቀቀ።»

መስፈሪያውን አስቀመጠች። «እትዬ፣ እናቴ…» አለችና ገዢዋ ስታቋርጣት ተወችው። «አላህ ይርዳችሁ» አለችኝ ብቻ። ቅናት ነው አልኩ በሆዴ። ቅናቱ የማን እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ።

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡም ከባድ ነበር። የዱጋሳ እርጥብ ጫማ የግራ እግሩን ትንሿን ጣት ላጠው። የምስር ፍሬ የምታህል መላጥ ናት። ለሌላ ሰው ብትሆን ጥጥ እንኳ አላባክንባትም ነበር። ጠዋትና ማታ አጠብኳት፣ ቀባኋት፣ ጠቀለልኳት። በሳምንቱ የባቄላ ፍሬ አከለች። በሁለተኛው ሳምንት ጠርዟ ጠቆረ። በሦስተኛው ሳምንት ጣቱ በሙሉ ጠቆረ። ሁለት ጣቴን የእግሩ ጀርባ ላይ አሳረፍኩ። ያቺን ክር የምታህል ትርታ ፈለግኋት። ተንበርክኬ ፈለግኋት። ዱጋሳ ከላይ ሆኖ «አገኘሻት?» አለኝ። አላገኘኋትም። እግሩ ድንጋይ ነበር።

አዲስ አበባ ስንደርስ ዱጋሳን ያየው ያ የቀድሞው ሐኪም ነው። ከጉልበቱ በታች እንዲቆረጥ ተወሰነ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሐኪሙ አስጠርቶኝ ካርዱን እያገላበጠ ጠየቀኝ።

«መሐል ላይ ተሽሏቸው ነበር ብለዋል። ያኔ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ቅጠል ይጠጣ ነበር።»

«ከዚያ አቆሙ?»

«አላቆመም። እስከ ትናንት ጠጥቷል። ያው ቅጠል ነው፤ በሚዛን ነው የማፈላው።»

«ቅጠሉ ካልተለወጠ፣ የቀረው ምንድን ነው?»

ሃያ ሁለቱ ምሰሶ በዓይኔ ላይ ተደርድሮ ቆመ። «መንገዱ» አልኩ።

«የቱ መንገድ?»

ነገርኩት። ሰምቶ ሲያበቃ ካርዱን ወደ እኔ አዞረው፤ የአምናው የእጅ ጽሑፉ እዚያው ነበር። «ያኔም ነግሬዎት ነበር» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም። «እየያዛቸውም ቢሆን በየቀኑ ይራመዱ፤ ሲይዛቸው ይረፉ፣ ከዚያ ደግሞ ይራመዱ ብዬ ነበር። ትልቁ የደም ሥር ሲጠብ ደሙ ዙሪያውን በትንንሾቹ ጥሶ የሚሄደው በዚያ ነው።» ከዚያ ፊቴን አይቶ ይመስለኛል፣ «ቢራመዱም እግሩ ላይድን ይችል ነበር። ቅጠሉም የራሱ ድርሻ ይኑረው አይኑረው አሁን ማወቅ አይቻልም» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። ለእኔ ዓይነት ሰው ግን አለማወቅ ማጽናኛ አይሆንም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ባሌን ከመበለት አወርዳለሁ ብዬ እግሩን ጣልኩ።

ዱጋሳ ከሰመመኑ ነቅቶ፣ በሦስተኛው ቀን ሾርባ መቅመስ ሲጀምር፣ ሁሉንም ነገርኩት። ሐኪሙ የነገረኝንና እኔ ያልሰማሁትን፣ ለአመዩ የዋሸሁትን፣ ሸምሲያ ገበያ ውስጥ የጠየቀችኝን። ብርድ ልብሱ በቀኝ በኩል ጉብ ብሎ በግራ በኩል ከግማሽ በታች ዝርግ ያለ ነበር፤ ወደዚያ እንዳላይ ዓይኑን ዓይኑን አየዋለሁ።

«የተከተልሽኝ ዕለት ትዝ ይልሻል?» አለኝ።

«አየኸኝ እንዴ?»

«ከሦስተኛው ምሰሶ ጀምሮ። ነጠላ ስለተከናነብሽ አረማመድሽ ይጠፋኛል?» ፈገግ አለ። «እስከዚያ ቀን ድረስ መንገድ ላይ አራት ጊዜ እቆም ነበር። ያን ዕለት ግን ሚስቴ እያየችኝ አልቆምም አልኩ። አሥረኛው ላይ ባቴ እንደ እሳት ነደደ። ሄድኩ። መጀመሪያ ሳልቆም የደረስኩት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ቀለለኝ።»

«ለምን ዞረህ አልጠራኸኝም?»

«ብጠራሽ ትመልሺኝ ነበር» አለ።

እዚያ አልጋ ጠርዝ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አላባበለኝም፣ አልገፋኝምም። እጁን ጀርባዬ ላይ አሳርፎ ቆየ።

በኅዳር 1979 ከአመዩ ደብዳቤ መጣ። ዱጋሳ ያን ጊዜ ምርኩዙን ለምዶ ደጃፋችን ድረስ ይወጣል፤ ኡርጌም አጥሩ ላይ ተደግፋ የላሟን ጤና በዝርዝር ትነግረዋለች። አመዩ የቅጠሉን ጭማቂ ጥንቸሎች ላይ ሞክሮ ያገኘው ውጤት ትንሽ እንደሆነ ጽፏል። የአምቦው በሽተኛ መሻል ግን ትልቅ በመሆኑ ግራ እንደተጋቡ፣ ምናልባት የተዘነጋ ነገር ካለ ዘጠነኛውን ጥያቄ እንደገና እንድሞላው ይለምናል። ባዶ ቅጹን በፖስታው ውስጥ አድርጎታል።

ከዱጋሳ አጠገብ ተቀምጬ እስክሪብቶ አነሳሁ። እየጻፍኩ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ «አዎ፣ የተለወጠ ነገር ነበር። በየጠዋቱ ሃያ ሁለት ምሰሶ በእግሩ እየሄደ፣ የሁሉቃን ወንዝ ተሻግሮ፣ ወይዘሮ ሸምሲያ ቤት መድኃኒቱን ጠጥቶ፣ ሃያ ሁለት ምሰሶ በእግሩ ይመለስ ነበር። ይህ በየካቲት ወር ቀረ።»

ከዚያ በታች መጻፍ ስቀጥል ዱጋሳ አንገቱን አስግጎ ቅጹን አየ።

«ለምን ቀረ የሚል ጥያቄ የለበትም እኮ» አለኝ።

«ባይኖርበትም ይጻፍ» አልኩት።

ጻፍኩ። «ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ ሚስቱ።»